ቅጠሉን ገልብጡት

ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ በሚያወጣው መንገድ ዳር ሁለት ዛፎች ጎን ለጎን ቆመዋል። የሰፈሩ ሰው ሁለቱንም «ጥድ» ይላቸዋል። ቅዳሜ ጠዋት ነው። የአንድ ትምህርት ቤት የተፈጥሮ ክበብ ልጆች፣ ሰባተኛና ስምንተኛ ክፍል የሚማሩ፣ ከሁለቱም ዛፎች ሥር የወደቀ ጭራሮ ለቅመው አሮጌ ጋዜጣ ላይ ዘርግተዋል። የባዮሎጂ መምህራቸው አጠገባቸው ቆመው ያያሉ።

«እስቲ ልዩነታቸውን የሚነግረኝ?»

ማንም አልመለሰም። የሁለቱም ቅጠል ጥቃቅን ቅርፊት ሆኖ ጭራሮው ላይ ተነባብሯል፤ ሁለቱም ሲታሹ ይሸታሉ። ትንሽ ቆይታ አንዲት ልጅ ከሣሩ ውስጥ ፍሬ ይዛ ተነሣች። በአንድ እጇ የያዘችው ደርቆ የተሰነጣጠቀ፣ እንጨት የሆነ ክብ ነገር ነው። በሌላው እጇ ያለው ግን ከአተር ብዙም አይበልጥም፤ ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ጥቁር ሲሆን ላዩን ነጭ አቧራ የመሰለ ነገር ለብሷል። በጣቷ ጫን አለችው። «ቲቸር፣ ይሄኛው ይፈርጣል!»

የሚፈርጠው የሐበሻ ጥድ ነው። ሌላው የፈረንጅ ጥድ የምንለው፣ አገሩ ሜክሲኮና መካከለኛው አሜሪካ የሆነ፣ ቶሎ ስለሚያድግና ሲከረከም ጥሩ አጥር ስለሚወጣው በከተማችን በየግቢው የገባ ዛፍ ነው። የሐበሻ ጥድ ከዓረቢያ ተራሮች ጀምሮ በምሥራቅ አፍሪካ ደጋዎች አልፎ እስከ ዚምባብዌ ይበቅላል። እንጨቱን ምስጥ ስለማይደፍረው የቤተ ክርስቲያን ጣሪያና የአጥር ምሰሶ ሆኖ ኖሯል። ፍሬውን ወፎች ይበሉታል፤ ዘሩንም እነሱ ያዳርሱታል። ወንዱና ሴቷ ዛፍ የተለያዩ ስለሆኑ ግን ፍሬ የሌለው ዛፍ ሁሉ የፈረንጅ ነው ማለት አይቻልም። መምህሩ ይህን ሲናገሩ ልጆቹ ቀና ብለው ዛፎቹን እንደገና አዩ። እኔም አብሬ አየሁ።

የአያቶቻችን ትውልድ ይህን ጥያቄ ሲመልስ ቅጠል መልቀም አያስፈልገውም ነበር። ዛፍን የሚያውቀው በሥራው ነው። ወይራ እንስራና ጋን ይታጠንበታል፣ መፋቂያም ይሆናል። ዋንዛ በርና መቀመጫ ይሠራበታል፣ ከበሮም ይጠረብበታል። ኮሶ ይጠጣል። ግራዋ የጠላ ዕቃ ያጥባል። አሁን ውኃው በጀሪካን ይቀዳል፣ ጥርሱ በሳሙና ይቦረሻል፣ ለሆድ ትል ኪኒን አለ፤ በሩም ከብረት ወይም ከውጭ ከመጣ ኤምዲኤፍ ይሠራል። ሥራው ሲቀር ዕውቀቱ አብሮት ይሄዳል። ከነበሩት ሁሉ እንደ ድሮው የቆየችው ጌሾ ብቻ ትመስለኛለች፤ ጠላ የሚጠመቅበት ቤት ያደገ ልጅ ያቺን ላይዋ የሚያብረቀርቅ ጥቁር አረንጓዴ ቅጠል ከየትኛውም ቅጠል መካከል ለይቶ ያነሣታል። ለሌሎቹ ዛፎች ሌላ መግቢያ መፈለግ አለብን። በእኔ እምነት ከሁሉ የሚቀርበው ቅጠል ነው፤ ገንዘብ አይጠይቅም፣ ልጅ ይደርስበታል፣ በአብዛኛው ዛፍ ላይ ዓመቱን ሙሉ አለ።

ዳገቱን ስንወጣ ከባሕር ዛፉ ጫካ እንጨት ተሸክመው የሚወርዱ እናቶች አገኘን። አንዷ ሸክማቸውን ድንጋይ ላይ አስደግፈው ሲያርፉ አንድ ልጅ ጠጋ ብሎ ቅርንጫፍ አሳያቸው።

«እማማ፣ ይሄ ምንድን ነው?»

ቅጠሉን አላዩትም። ጭራሮውን ቀንጥሰው አሸተቱና «ወይራ ነዋ ልጄ! እንስራ ሲታጠን አይተህ አታውቅም?» አሉት። ሌላ ቅርንጫፍ ሰጣቸው፤ ለእኛ ዓይን ያው ጠባብ፣ ወፈር ያለ፣ ጫፉ ሹል ቅጠል ነው። «ይሄማ ቀረጥ ነው። ቆዳ ይለፋበታል። ምኑ ይመሳሰላል?» ኮሶ ሲያሳዩዋቸው ደግሞ ሳቁ። እናታቸው በየሁለት ወሩ ያጠጧቸው እንደነበር፣ ከጠጡ በኋላ እስከ ማታ እህል እንደማይቀምሱ አወሩልን። ከዚያ ሸክማቸውን አንሥተው ወረዱ።

እማማ ወይራና ቀረጥን ከለዩበት መንገድ ቅጠል ለቃሚው የሚለይበት ይለያል፤ የሚደርሱበት ስም ግን አንድ ነው። መምህሩ ሁለቱን ቅርንጫፎች ጎን ለጎን ይዘው መጀመሪያ ያስጠየቁት ቅጠሎቹ እንዴት እንደተቀመጡ ነው። በወይራው ላይ ቅጠሎቹ ጥንድ ጥንድ ሆነው ፊት ለፊት ይወጣሉ። በቀረጡ ላይ አንዱ በዚህ፣ ቀጣዩ ከፍ ብሎ በዚያ እየተፈራረቁ ይሄዳሉ። ይህች አንዲት ጥያቄ ከፊታችን ያለውን ዛፍ ሁሉ ለሁለት ትከፍለዋለች። ወይራ፣ ዶቅማ፣ አጋም ፊት ለፊት ከሚያወጡት ወገን ናቸው፤ ብሳና፣ ዋንዛ፣ ጌሾ፣ ጥቁር እንጨት ከሚያፈራርቁት። ለዚህ ነው ተለይቶ የተቀጠፈ አንድ ቅጠል ዋጋው ትንሽ የሆነው። የሚለቀመው ቢያንስ አራት አምስት ቅጠል ያለበት አጭር ቅርንጫፍ ነው።

ቀጥሎ ቅጠሉን መገልበጥ ነው። የቀረጥ ቅጠል ፊቱም ጀርባውም አንድ ዓይነት፣ ወደ ግራጫ የሚያደላ አረንጓዴ ነው። የወይራ ፊቱ ጥቁር አረንጓዴ ሆኖ ያብረቀርቃል፤ ጀርባው ብርማ ወይም የደበዘዘ ወርቅማ ነው። በማጉያ መነጽር ሲታይ ይህ ቀለም ቀለም አይደለም፤ እርስ በርስ የተደራረቡ፣ ለዓይን የማይለዩ ጥቃቅን ክብ ቅርፊቶች ናቸው። ቅጠሉ የሚተነፍስባቸው ቀዳዳዎች ከሥራቸው ስላሉ ቅርፊቶቹ በበጋ ውኃው ቶሎ እንዳይተን ይከላከላሉ። የእኛ ወይራ ዘይቱን ከሜድትራኒያን አገሮች ከምናስመጣው ወይራ ጋር አንድ ዝርያ ነው፤ የሚለየው በንዑስ ዝርያ ብቻ ነው። ፍሬው ግን ትንሽና ሥጋው ስስ ነው። በዚያች ማጉያ መነጽር ለማየት ልጆቹ የተሰለፉት ሰልፍ ረጅም ነበር፤ አንዳንዱም አይቶ ተመልሶ ከኋላ ይሰለፋል።

ኮሶው ጋ ስንደርስ ሌላ ጥያቄ ተነሣ፦ ቅጠል የቱ ነው? ልጆቹ «ቅርንጫፍ» ብለው የያዙት፣ ክንድ የሚያህለው ነገር በሙሉ አንድ ቅጠል ነው። መለያው እንዲህ ነው። ቅጠል ከቅርንጫፉ ጋር በሚገናኝበት ማዕዘን ላይ ሁልጊዜ ለጋ ቡቃያ አለ። ኮሶ ላይ ቡቃያው ያለው ከትልቁ ዘንግ ሥር እንጂ በዘንጉ ግራና ቀኝ ከተደረደሩት ትንንሽ ቅጠሎች ሥር አይደለም። እነዚያ የአንድ ቅጠል ክፍሎች ናቸው። አንድ የኮሶ ቅጠል እስከ 40 ሳንቲ ሜትር ይረዝማል። በትልልቆቹ ክፍሎች መካከል ጣል ጣል ያሉ፣ የጥፍር ያህል ክብ ቅጠሎች ይታያሉ፤ ዳሩ ሁሉ ጥርስ ጥርስ ነው፤ ዘንጉ ከቅርንጫፉ ጋር ሲገናኝ ግራና ቀኙ ክንፍ አውጥቶ ቅርንጫፉን ያቅፈዋል። ይህን አንድ ጊዜ በእጁ የያዘ ሰው ኮሶን በሩቅ ያውቀዋል፤ አበባዋ ቀላ ብሎ የሚንዠረገገው እንስቷ ዛፍ ደግሞ ከተራራ ማዶ ትታያለች። ኮሶ ከጽጌረዳ ቤተሰብ ነው። ለብዙ ሰው ይህ የማይታመን ይመስለዋል፤ የቅጠሉን ጥርስና ያንን የታችኛውን ክንፍ ከጽጌረዳ ቅጠል ጋር አስተያይቶ ያየ ግን ዝምድናውን ያገኘዋል።

ግራር ደግሞ ከዚህም ያልፋል፤ ዘንጉ ሌሎች ዘንጎችን ያወጣል፣ ጥቃቅኖቹ ቅጠሎች የሚደረደሩት በእነዚያ ላይ ነው። በአንድ ቅጠል ውስጥ በመቶዎች ይቆጠራሉ። ሲደርቅ ይረግፋል፤ ስለዚህ ግራር የለቀመ ልጅ እዚያው ጋዜጣው መካከል ማስገባት አለበት።

ከዓይን በኋላ እጅና አፍንጫ ይመጣሉ። የዋንዛ ቅጠል ሰፊ ነው፣ ፊቱ ሲዳሰስ ይሻክራል። የብሳና ቅጠል ልብ መሰል ነው፤ ከዘንጉ ጋር በሚገናኝበት ቦታ ግራና ቀኝ ሁለት ጥቃቅን እጢዎች አሉት፣ ሲያረጅም ብርቱካናማ ሆኖ ይረግፋል። አረንጓዴ በሆነ ዛፍ ላይ እዚህም እዚያም ብርቱካን ቀለም ያለው ቅጠል ካየን እጢዎቹን መፈለግ ነው። ሾላ፣ ዋርካና ችባሃ ሲቀነጠሱ ነጭ ወተት ያወጣሉ፤ ለጋውን ቅጠል ሸፍኖ የነበረው ስስ ልባስ ሲወድቅ ደግሞ ቅርንጫፉን ዙሪያውን የከበበ ቀለበት መሰል ጠባሳ ይተዋል። የክትክታ ለጋ ቅጠል እጅ ላይ ይጣበቃል። የጥቁር እንጨት ቅጠል ከታሸ ኬክ ላይ የሚደረገውን የአልመንድ ቅመም ይሸታል። ይህ ሽታ ቅጠሉ ሲጎዳ ከሚለቀው መርዝ፣ ከሳያናይድ ጋር የተያያዘ ነው። ለዚህ መምህሩ አንድ ጥብቅ ሕግ አላቸው፦ ማሽተት ይቻላል፣ መቅመስ አይቻልም። የቁልቋልና የቅንጭብ ወተት ዓይን ውስጥ ከገባ ክፉኛ ያቃጥላል፤ የብርብራ ፍሬ ተፈጭቶ ወንዝ ውስጥ ሲገባ ዓሣ ያደነዝዛል።

ስለ ጥቁር እንጨት ካነሣን አይቀር፣ የዚህ ዛፍ ቅርፊት ለፕሮስቴት ሕመም መድኃኒት ስለሚፈለግ በብዙ የአፍሪካ አገሮች ዛፉ ተልጦ ተመናምኗል። በዚህ የተነሣ እ.ኤ.አ. ከ1995 ጀምሮ ዓለም አቀፍ ንግዱ በሳይትስ ስምምነት ቁጥጥር ሥር ነው። እኛ ዘንድ ከገደል አፋፍና ከአድባራት ዙሪያ ዛሬም ቆሞ ይገኛል። ስንቶቻችን ከሥሩ አልፈን ሳናውቀው ሄደናል?

አንድ ዛፍ ሁለት ዓይነት ቅጠል ሲይዝ ጀማሪ ይደናገራል። ባሕር ዛፍ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። ከተቆረጠ ጉቶ ላይ የሚያቆጠቁጠው ለጋ ቅጠል ሰፊና ክብ ነው፤ አመድማ ሰማያዊ ሆኖ ፊት ለፊት እየወጣ ግንዱን ያቅፋል። ያደገው ዛፍ ቅጠል ጠባብና ረጅም፣ እንደ ማጭድ የቆለመመ፣ እየተፈራረቀ የሚንጠለጠል ነው። ሁለቱን ለየብቻ ያየ ሰው ሁለት ዛፍ ነው ቢል አይፈረድበትም። የሐበሻ ጥድም በችግኝነቱ ቅጠሉ ቅርፊት ሳይሆን መርፌ ነው። ጥላ ሥር ያደገ ቅጠልም ፀሐይ ካገኘው ይልቅ ሰፊና ስስ ይሆናል። ስለዚህ ልጆቹ ከአንድ ዛፍ ከሁለትና ከሦስት ቦታ ይለቅማሉ። ከዝቅተኛው ቅርንጫፍ፣ ለመለየት የሚያስፈልገውን ብቻ። ከአድባራት ግቢ የወደቀውንም ቢሆን ሳያስፈቅዱ አያነሡም።

የተለቀመው በዚያው ዕለት ይጫናል። ቅርንጫፉ ጋዜጣ መካከል ይዘረጋል፤ አንዱ ቅጠል ሆን ተብሎ ይገለበጣል፣ ሲደርቅ ጀርባው እንዲታይ። በላዩ ካርቶን፣ በካርቶኑ ላይ ጣውላ፣ ከዚያ በመጫኛ ወይም በቀበቶ ጥብቅ አድርጎ ማሰር። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ጋዜጣው በየቀኑ ካልተቀየረ ቅጠሉ ይጠቁራል፣ በክረምትም ይሻግታል። ሰዎች የሚሰንፉት እዚህ ላይ ነው።

ከቅጠሉ እኩል ዋጋ ያለው መለያ ወረቀቱ ነው። ቀን፣ ቦታ፣ ከፍታ፣ የዛፉ ቁመት፣ የለቀመው ሰው፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ ሲደርቅ የሚጠፋው ሁሉ፦ ሽታው፣ ወተቱ፣ የአበባው ቀለም። ስሙ ሲጻፍ በየትኛው ቋንቋ እንደተነገረ አብሮ መጻፍ አለበት። በአማርኛ ብርብራ የሚባለው ከኢትዮጵያ ውጭ በተፈጥሮ የማይበቅል፣ ቆባ የሚያፈራ ዛፍ ነው። በአፋን ኦሮሞ ቢርቢርሳ የሚባለው ግን ዝግባ ነው፤ ጠባብና ረጅም ቅጠል ያለው፣ ከጥድ ወገን የሆነ ግዙፍ ዛፍ። ቋንቋው ያልተጻፈበት ወረቀት አንዱን በሌላው ሊያስተክል ይችላል። ወይራ ኤጀርሳ፣ ዋንዛ ወዴሳ፣ ኮሶ ሄቶ ነው። የመምህሩ ተማሪዎች ቤታቸው የሚነገረውን ስም ጠይቀው እንዲመጡ ይታዘዛሉ፤ ወረቀቱ ላይ ሦስት ቋንቋ የተጻፈበት ቅጠል አይቻለሁ።

በዚህ መንገድ የአገራችንን ቅጠል የለቀሙ ሰዎች ታሪክ ረጅም ነው። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. ከ1769 እስከ 1771 እዚህ በነበረበት ጊዜ አብሮት የመጣው ጣሊያናዊ ሠዓሊ ሉዊጂ ባሉጋኒ ዕፅዋቱን ሥሎለታል፤ ባሉጋኒ ጎንደር ሞቶ ቀረ። ብሩስ በ1790 ባሳተመው መጽሐፍ የመጨረሻ ክፍል ኮሶና ዋንዛ፣ እንሰትና ጤፍ፣ ቁልቋልና ቀንጠፋ ከነሥዕላቸው ወጡ። ስለ ቀንጠፋ የጻፈው ከባድ ነገር ነው። ንጉሡ በሚያልፉበት መንገድ ላይ ያልተመነጠረ ቀንጠፋ ካባቸውን ስለያዘ የአካባቢው ሹም ከልጁ ጋር ተሰቀለ ይላል። ከዚያ በኋላ የመጡት ፈረንሳዮች፣ ሐኪሞቹ ካርቲን ዲዮንና ፕቲ፣ ሁለቱም አገራቸው አልተመለሱም። የመጀመሪያው በንዳድ ሞተ፣ ሁለተኛውን ዓባይን ሲሻገር አዞ ወሰደው። የለቀሙት ግን ፓሪስ ደርሶ የአቢሲኒያን ዕፅዋት በሚተነትን ትልቅ ሥራ ታተመ። ጀርመናዊው ቪልሄልም ሺምፐር ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1837 መጥቶ እስኪሞት ድረስ፣ እስከ 1878፣ በአብዛኛው ትግራይ ውስጥ እየለቀመ ኖረ። በዐፄ ቴዎድሮስ ከታሰሩት አውሮፓውያን አንዱ ነበር። የደረቁ ቅጠሎቹ በመላው አውሮፓ ተበተኑ፤ በርሊን የነበሩት ብዙዎቹ እ.ኤ.አ. በ1943 በቦምብ ከነቤቱ ተቃጠሉ።

ዛሬ የኢትዮጵያን ቅጠል ለማየት አውሮፓ መሄድ አያስፈልግም። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ አራት ኪሎ ያለው ብሔራዊ ሄርባርየም በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ የደረቁ ናሙናዎች ይዟል። እ.ኤ.አ. በ1980 ተጀምሮ በ2009 የተጠናቀቀው፣ በስምንት ቅጽ የተዘጋጀው የኢትዮጵያና የኤርትራ ዕፅዋት መጽሐፍ የተሠራው በእነዚህና በመሰሎቻቸው ላይ ነው። ከመሪዎቹ አንዱ ፕሮፌሰር ሰብስቤ ደምሰው ናቸው። ወደ 6 ሺህ የሚጠጉ ዕፅዋት ተመዝግበዋል፤ ከአሥር አንድ ያህሉ የትም ሌላ አገር የማይገኙ ናቸው። ለዛፍ ወዳጅ ከዚህ የሚቀርበው የዶ/ር አዘነ በቀለ ተሰማ የጠቃሚ ዛፎች መጽሐፍ ነው፤ የአገር ውስጥ ስሞችንና ሥዕል ይዟል። ሁሉም በእንግሊዝኛ ናቸው። የ13 ዓመት ልጅ ስምንት ቅጽ አንሥቶ እንዲጀምር መጠበቅ ከንቱ ነው። እኔ የምመኘው እያንዳንዱ ትምህርት ቤት ከራሱ ግቢና ከሰፈሩ የተለቀመ፣ በራሱ ልጆች እጅ የተጻፈ አንድ ጥራዝ እንዲኖረው ነው። ሃያ ዛፍ ይበቃል።

ይህን የምለው ለመዝናኛነቱ ብቻ አይደለም። ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ በአንድ ቀን መተከሉን መንግሥት አስታውቋል፤ ከዚያ ወዲህ በየክረምቱ ተከላው ቀጥሏል። አገር በቀል ችግኝ የሚገኘው ግን አገር በቀል ዘር ሲኖር ነው፤ ዘሩን የሚለቅመው ሰው የእናት ዛፉን ከመሰሉ መለየት አለበት። ዘር የሚሰጡት ትልልቅ ዛፎች በሰሜንና በመካከለኛው ደጋ በአብዛኛው የቀሩት በአድባራት ዙሪያ ነው። ዶ/ር ዓለማየሁ ዋሴ በደቡብ ጎንደር በ28 አብያተ ክርስቲያናት ደን ላይ ባደረጉት ጥናት ከ160 በላይ የዛፍ፣ የቁጥቋጦና የሐረግ ዓይነት አግኝተዋል። እነዚህን በስም የሚያውቅ ወጣት በየደብሩ አጠገብ ካልኖረ የችግኝ ጣቢያው ዘሩ በቀላሉ የሚገኘውን ያፈላል፤ በቀላሉ የሚገኘው ደግሞ ባሕር ዛፍና የፈረንጅ ጥድ ነው።

ልጆቹ ከለቀሙት መካከል አንዱን እስካሁን ማንም አላወቀውም። ቅጠሉ ፊት ለፊት ይወጣል፤ ወፍራም ነው፣ ዳሩ ጥርስ የለውም፣ ወተት አይወጣውም፣ አይሸትም። ደርቆ ወረቀቱ ሲሞላ መምህሩ ሁለት ልጆች አስከትለው ሄርባርየም ወሰዱት። እዚያ ያገኟቸው ባለሙያ ጀርባውን በማጉያ አዩ፣ ብርሃን ላይ አንሥተው ጅማቱን አዩ፣ ከመደርደሪያ ሁለት ማኅደር አውጥተው አስተያዩ። ከሁለት ቤተሰብ አንዱ ነው አሉ።

«ከዚህ በላይ በቅጠል አልሄድም። የመጽሐፉ መለያ ጥያቄ አበባው ላይ ነው የሚያርፈው። ዛፉ የት እንዳለ ታውቃላችሁ?»

ልጆቹ ያውቃሉ።

«እንግዲያው በየሳምንቱ እየሄዳችሁ እዩት። የአንዳንዱ ዛፍ አበባ ብዙ ቀን አይቆይም፤ ካመለጣችሁ ዓመት ትጠብቃላችሁ።»

የክበቡ አባላት ለአራት ተከፍለው ተራ ገብተዋል።